የጎማ መለኪያው ዜሮ ሲል፣ ዜሮው ከየት ይጀምራል?

እስኪ ከቱሊ ጉሌድ እንነሳ፤ በሶማሌ ክልል፣ በፋፈን ዞን። መንገድ ዳር ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ አጠገብ ቆማችኋል እንበል። ኮምፕሬሰሩ ይንጫጫል፣ ጎሚስታው የአንድ ባጃጅ ጎማ እየነፋ ነው። ጌጁን የጎማው አፍ ላይ ሲሰካው ቀስቷ ብድግ ትላለች፤ ሲነቅለው ደግሞ ተመልሳ ዜሮ ላይ ትተኛለች። አሁን ጥያቄ፦ ጌጁ እጁ ላይ፣ እዚያው አየር ውስጥ ሆኖ «ዜሮ» የሚለው ምኑን ነው?

«ምንም ስለማይለካ ነዋ!» ካላችሁ ብዙ ሰው የሚመልሰውን መልሳችኋል። ግን ልክ አይደለም። በዙሪያችሁ ያለው አየር እየተጫናችሁ ነው፤ ያውም በቀላሉ አይደለም። መዳፋችሁን ዘርጉ። ጣቶቹን ትታችሁ መሃሉን ብቻ ብትለኩት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ፣ ለምሳሌ በርበራ ወደብ ቆማችሁ ከሆነ፣ በዚህች መዳፍ ላይ ያለው አየር የሚጫነው አንድ ኩንታል እህል የሚጫነውን ያህል ነው። ጅግጅጋ ከፍታዋ ወደ 1,600 ሜትር ስለሚጠጋ እዚያ ወደ 85 ኪሎ ይቀንሳል። እጃችሁ የማይሰበረው አየሩ ከላይም ከታችም ከጎንም እኩል ስለሚገፋ ነው፤ እናንተም ውስጣችሁ ባለው ግፊት መልሳችሁ ትገፉታላችሁ።

ስለዚህ የጌጁ ዜሮ «ግፊት የለም» ማለት አይደለም። «ከውጭው አየር ጋር እኩል ነኝ» ማለት ነው። የተነፈሰና መሬት ላይ የተለጠፈ ጎማም ቢሆን ባዶ አይደለም፤ ውስጡ የቀረው አየር ልክ እንደ ውጭው እየገፋ ነው። የጎደለው ትርፉ ነው።

ይህን ትርፍ የጌጅ ግፊት እንለዋለን። ከእውነተኛው ባዶ፣ ማለትም አንዲትም የአየር ቅንጣት ከሌለችበት ቦታ ተነስተን ስንቆጥር የምናገኘው ደግሞ ፍጹም ግፊት ይባላል። ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦

ፍጹም ግፊት = የጌጅ ግፊት + ያላችሁበት ቦታ የአየር ግፊት

በቃ። ከዚህ በላይ ቀመር የለም። ችግሩ ያለው «ያላችሁበት ቦታ» የምትለው ሐረግ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ እንግዳ ከሆነባችሁ የራሳችንን ሰዓት አስቡ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የምንለውን የአውሮፕላን ቲኬት 7 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱም አልዋሹም፣ የተነሱበት ዜሮ ይለያያል እንጂ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር 6 ትደምራላችሁ። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ «ጉዞው 3 ሰዓት ፈጀ» ካላችሁ በየትኛውም አቆጣጠር ያው 3 ነው። ግፊትም እንዲሁ ነው። ጎማው ከ2 ባር ወደ 3 ባር ከተነፋ ጭማሪው በጌጅም በፍጹምም 1 ባር ነው፤ ልዩነት ላይ ምንም አይደመርም። ምሳሌው የሚፈርሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ በሰዓት የሚደመረው ሁልጊዜ 6 ነው፣ በግፊት ግን የሚደመረው ቁጥር ከአገር አገር፣ ከዳገት ቁልቁለት ይለዋወጣል።

ጌጁ ለምን እንዲህ ተሠራ?

የአየርን ክብደት መጀመሪያ በቱቦ ያሳየን ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1643 አካባቢ። በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ሳህን ላይ ሲደፋው ሜርኩሪው ወርዶ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ያቆመው የውጭው አየር ግፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ ፈረንሳዊው ፓስካል የእህቱን ባል ይህንኑ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ ላከው። ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ዛሬ ይኼው ቱቦ ጅግጅጋ ቢተከል 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። የግፊት መለኪያ አሃዱ በፓስካል ስም የተሰየመው ግን በጣም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

የጎሚስታው ባለ ቀስት ጌጅ ከዚህ ይለያል። እንዲህ ያሉ ክብ ጌጆች አብዛኞቹ ፈረንሳዊው ቦርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ባወጣበት ሐሳብ ይሠራሉ። ውስጡ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠፍጣፋ የብረት ቱቦ አለ። የጎማው አየር ወደ ቱቦው ሲገባ ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፤ ልጆች በበዓል ቀን እየነፉ እንደሚዘረጓት የወረቀት ፊሽካ ማለት ነው። የቱቦው ጫፍ በትንሽ ጥርስ ቀስቷን ይጎትታል። ልብ በሉ፣ ቱቦውን ከውስጥ የጎማው አየር፣ ከውጭ ደግሞ የአካባቢው አየር ይጫኑታል። ቱቦው የሚሰማው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ጌጁ የውጭውን አየር የዘለለው በስንፍና አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ላይ ስላለ ለእሱ የለም።

ለጎማም የሚበጀው ይኸው ነው። መኪናውን የሚሸከመው፣ የጎማውን ግድግዳ የሚወጥረው ትርፉ ግፊት ነው። መኪናው በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 32 ፒኤስአይ፣ ቀድሞውኑ የጌጅ ነው። ምንም አትደምሩበት። ይህን የምለው ቀመር የተማረ ሰው ሁሉ ያየውን ቁጥር መደመር ስለሚያምረው ነው።

አሃዱን ቀይሩ፣ ከዚያ ዜሮውን

አሃድ መለወጥና ዜሮ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ላይ ካደባለቃችኋቸው ትጠፋላችሁ። መጀመሪያ አሃዱን በማባዛት ወደ አንድ ቋንቋ አምጡት፣ ከዚያ ደምሩ። 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው። 1 ፒኤስአይ 6.9 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አንዳንድ ጌጅ ላይ የሚታየው «ኪሎ ግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር» 98 ኪሎፓስካል ስለሆነ ከባር ጋር ይቀራረባል፤ ጎማ ለመንፋት ብትለዋውጧቸው ያን ያህል አይጎዳም።

እንሞክር። ቱሊ ጉሌድ ላይ ጎማው 32 ፒኤስአይ ይላል። 32 በ6.9 ሲባዛ 221 ኪሎፓስካል። ይህ የጌጅ ነው። አሁን የቦታውን አየር እንደምር። በጅግጅጋ ከፍታ ብንወስደው ወደ 84 ኪሎፓስካል ነው። ድምሩ 305 ኪሎፓስካል ፍጹም። መጽሐፍ ላይ ያለውን 101 ብትደምሩ ግን 322 ይሆንባችኋል፤ እሱ የበርበራ መልስ እንጂ የጅግጅጋ አይደለም።

ይህን 84 ከየት አመጣነው? ከከፍታ። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የነበረው አየር 1,000 ሜትር ላይ ወደ 90፣ 2,000 ሜትር ላይ ወደ 80 ይወርዳል። አዲስ አበባ 77 አካባቢ ናት። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ 57 ገደማ ብቻ ይቀራል፣ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነች ከ101 ትንሽ ትበልጣለች። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት! ሆላንድ ውስጥ የሚኖር ተማሪ ሁሌ 101 ቢደምር ብዙም አይሳሳትም፤ እኛ ግን እንዲህ ያለ ምቾት የለንም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔንም አንዴ ይዞኛል። ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ከፍታችሁ ጅግጅጋን ፈልጉ። ግፊቱን 1,015 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይላችኋል፤ ወደ 101 ኪሎፓስካል ማለት ነው። ታዲያ 84ቱ የት ሄደ? የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የተለያየ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞችን ማወዳደር እንዲችሉ እያንዳንዱን ንባብ «ከተማዋ ባሕር ዳርቻ ብትሆን ኖሮ» ብለው አስልተው ያወጡታል። ለትንበያ ጥሩ ነው። እናንተ ለምትሠሩት ስሌት ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ስልካችሁ የራሱ ባሮሜትር ካለው እውነተኛውን ያሳያል። ብዙ አዳዲስ መኪኖችም ሞተራቸው ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት፣ አየር ማስገቢያቸው ላይ ያለው ሴንሰር የአካባቢውን ፍጹም ግፊት ያነባል፤ መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሲሰካ ጠይቁት።

አንዳንድ ዕቃ ላይ ከአሃዱ ጎን የእንግሊዝኛው «ጂ» ፊደል ከተጻፈ የጌጅ፣ «ኤ» ከተጻፈ የፍጹም ግፊት ነው። ምንም ካልተጻፈስ? ለጎማ፣ ለኮምፕሬሰርና ለውሃ መስመር የጌጅ ነው ብላችሁ ብትነሱ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናችሁ። ለአየር ጠባይና ለኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ደግሞ ፍጹሙ ነው።

ተፈጥሮ የምትቆጥረው ከየት ነው?

የጎማ ግድግዳ ልዩነቱን ይቆጥራል ብለናል። ጋዝ ራሱ፣ የውሃ መፍላት፣ የፓምፕ መምጠጥ ግን ከእውነተኛው ባዶ ነው የሚቆጥሩት። እነዚህን በጌጅ ቁጥር ካሰላችኋቸው ይዋሻሉ።

ከበርበራ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚወጣ የጭነት መኪና አስቡ። በርበራ ላይ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ጎማው 8 ባር ተነፋ። ፍጹሙ 800 ሲደመር 101፣ 901 ኪሎፓስካል። ሙቀቱ ባይለወጥና ጎማው ባይለጠጥ ጅግጅጋ ሲደርስ ውስጡ ያው 901 ነው፣ ውጭው ግን 84 ሆኗል። ስለዚህ ጌጁ 817 ይላል። ማንም ሳይነፋው 17 ኪሎፓስካል ጨመረ፣ 2.5 ፒኤስአይ ማለት ነው!

ግን ቆይ፣ ጅግጅጋ ሌሊቱን ይበርዳል። መኪናው አድሮ ጎማው 20 ዲግሪ ላይ ቢለካስ? ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱም የሚቆጠረው ከፍጹም ዜሮ ነው፣ ሴልሺየሱ ላይ 273 ተደምሮ። 40 ዲግሪ 313፣ 20 ዲግሪ 293 ይሆናሉ። 901 በ293 ተባዝቶ ለ313 ሲካፈል 843። ከዚህ ላይ 84 ስንቀንስ 759 ኪሎፓስካል፤ ጌጁ 7.6 ባር ይላል። ዳገቱ የጨመረውን ብርዱ ወስዶ ትርፍ በላበት። 273ቱን ረስታችሁ 40 ወደ 20 ወረደ፣ «ግማሽ ሆነ» ብትሉ ጎማው 4 ባር ይሆን ነበር። ሹፌሩ ይስቅባችኋል።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ፤ በዚህ አካባቢ ከጎማ የበለጠ የሚያስጨንቀው እሱ ነውና። ከጉድጓድ ወይም ከቢርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ውሃ የሚስብ የቤንዚን ፓምፕ አለ እንበል። ፓምፑ መሬት ላይ ተቀምጦ ቱቦው ታች ወርዷል። ብዙ ሰው ፓምፑ ውሃውን ይጎትተዋል ብሎ ያስባል። ውሃ ግን ገመድ አይደለም፣ አይጎተትም። ፓምፑ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው፤ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው የጉድጓዱን ውሃ ከላይ የሚጫነው የውጭ አየር ነው። በበርበራ ያ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። በጅግጅጋ ከፍታ 8.5 ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ የዓለም ምርጥ ፓምፕ ቢመጣም አይቻልም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍጹም ዜሮ በታች ሊወርድ አይችልማ። የመምጠጫ ጌጅ እዚያ ብትሰኩ ከ84 ኪሎፓስካል በታች ዜሮ፣ ማለትም ከ -84 አልፎ አይሄድም። መደወያው ላይ እስከ -100 ቢጻፍም ያ ቦታ ለጅግጅጋ የተከለከለ ነው።

ይህ ገንዘብ ያስከፍላል። የፓምፑ መመሪያ «እስከ 8 ሜትር ይስባል» ካለ የተለካው በባሕር ጠለል ነው ብላችሁ ተጠርጠሩ። ወደ 1.8 ሜትር ቀንሱለት፤ 6 ሜትር አካባቢ ይቀራል። 7 ሜትር ጥልቀት ላይ ያስቀመጠው ሰው ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ውሃው አይመጣም፤ ከዚያ «ፓምፑ አስመስሎ የተሠራ ነው» ተብሎ ሻጩ ይሰደባል። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋውን ዓይነት መጠቀም ነው። ከታች ለሚገፋ ይህ ገደብ የለበትም።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉም ይከብዳል። ጤና ጣቢያዎች የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያመክኑበት አውቶክሌቭ አለ፤ ትልቅ የግፊት ድስት በሉት። ብዙ መመሪያዎች «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላሉ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሚሄዱት ግን በባሕር ጠለል ብቻ ነው። ውሃ 121 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ፍጹም ግፊቱ 205 ኪሎፓስካል ሲሆን ነው፤ 15 ፒኤስአይ 103 ኪሎፓስካል ስለሆነ ከባሕር ዳርቻው 101 ጋር ተደምሮ ይሞላል። ጅግጅጋ ላይ ጌጁ ያንኑ 15 ቢልም 103 ሲደመር 84፣ 187 ብቻ ነው። በዚህ ግፊት እንፋሎቱ 118 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ደግሞ 117።

«3 ዲግሪ ምናላት?» እንዳትሉ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን የባክቴሪያ ዘሮች ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 10 እጥፍ ገደማ ይረዝማል። 3 ዲግሪ ስትጎድል እጥፍ ይሆናል። 15 ደቂቃ ይበቃል የተባለው 30 ይፈልጋል ማለት ነው። ጌጁ ግን ልክ መመሪያው እንዳለው 15 ላይ ቆሟል፤ የሚያየው ሰው የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

ለጅግጅጋ የሚያስፈልገውን እናውጣ፦ 205 ሲቀነስ 84፣ 121 ኪሎፓስካል፤ በ6.9 ሲካፈል 17.5 ፒኤስአይ። ለአዲስ አበባ 18.6 ገደማ። ይህን ስላወቃችሁ ግን ማንም ቫልቩን ዝም ብሎ አያጥብቅ። የእቃው ግድግዳ የሚሰማው እንደ ጎማው ልዩነቱን፣ ማለትም የጌጅ ግፊቱን ነው፤ እስከ ስንት እንደሚችል ሰውነቱ ላይ ተጽፏል፣ 17.5 ከዚያ ገደብ በታች መሆን አለበት። እዚያው አንድ ዕቃ ላይ ግድግዳው በአንዱ ዜሮ ይቆጥራል፣ ውስጡ ያለው እንፋሎት በሌላው። በዚያ ላይ ውስጥ ተራ አየር ታፍኖ ከቀረ ጌጁ 17.5 እያለ ሙቀቱ ሊጎድል ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያ ቀስቷን ብቻ የማያምነው፤ ቴርሞሜትሩን ያያል፣ ከመሣሪያዎቹ ጋርም በቂ ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ይጨምራል። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ አውቶክሌቭ ካያችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ጌጁስ ስንት ላይ ነው የሚቆመው? መቀነሱን እናንተ ትሠሩታላችሁ።